መከልከል፣ ማጣበቅ ወይስ ማገናኘት? ለሉኪሚያ ፕሮቲን አስወጋጅ መድኃኒት ስንመርጥ

ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ወጥቶ ወደ ቸርችል ጎዳና በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የምንሰበሰብባት ትንሽ ቡና ቤት አለች። ፋርማሲስቶች፣ አንድ ኬሚስትና ሁለት ሦስት የማስተርስ ተማሪዎች ነን። አንዱ ያነበበውን የምርምር ጽሑፍ ያቀርባል፣ የቀረነው በጥያቄ እናፋጥጠዋለን። ባለፈው ወር ተራው የአንዲት የባዮኬሚስትሪ ተማሪ ነበር። ለመመረቂያዋ ያሰበችውን ይዛ መጣች፦ ሲኤምኤል ለሚባለው የደም ካንሰር፣ በሽታውን የሚያመጣውን ፕሮቲን ከሴሉ ጠርጎ የሚያስወጣ «ፕሮታክ» በኮምፒውተር መንደፍ። «ለምን ፕሮታክ? ለምንስ ሲኤምኤል?» ብለን ስንጠይቃት «አሁን ሁሉም የሚሠራው እሱን ስለሆነ» አለችን። ከዚያ በኋላ ሁለት ሰዓት ተከራከርን፤ ማኪያቶዋ ሳይነካ ቀዘቀዘ።

ይህ ጽሑፍ ከዚያ ክርክር የወጣ ነው። የምመክረው ለአዲስ ተመራማሪዎችና «የቱ መንገድ ለየትኛው ሉኪሚያ?» ብለው ለሚጠይቁ የሙያ ባልደረቦቼ ነው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፦ ምርጫው መጀመር ያለበት ከመድኃኒቱ ዓይነት ሳይሆን ከፕሮቲኑ ነው። ፕሮቲኑ ሕመምተኛውን የሚጎዳው በሚሠራው ሥራ ነው ወይስ እዚያ በመኖሩ ብቻ? ይህ ሳይመለስ ስለ ኬሚስትሪው ማውራት ጊዜ ማባከን ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሴሉ ቆሻሻውን እንዴት ያወጣል

ሴል ያረጀና የተበላሸ ፕሮቲኑን የሚያስወግድበት የራሱ አሠራር አለው። በመጀመሪያ ዩቢኩዊቲን የተባለ፣ 76 አሚኖ አሲድ ብቻ ያለው ትንሽ ፕሮቲን እየተቀጣጠለ ይለጠፍበታል። የፒያሳ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ አጥሩ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት የተደረገበት ቤት ምን እንደሚጠብቀው ያውቃል። ምልክቱ የተለጠፈበት ፕሮቲን ፕሮቲያሶም ወደሚባል በርሜል መሰል ማሽን ይገባና ተቆራርጦ ይወጣል። ይህን አሠራር ላወቁት ለአሮን ቺካኖቨር፣ ለአቭራም ኸርሽኮና ለኧርዊን ሮዝ በ2004 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሰጥቷቸዋል።

ምልክቱን የሚለጥፉት ኢ-3 ሊጌዝ የሚባሉ ኢንዛይሞች ናቸው። በሰው ሴል ውስጥ 600 ገደማ አሉ፤ እያንዳንዳቸው የሚያውቁት የራሳቸው ደንበኛ አላቸው። የፕሮቲን አስወጋጅ መድኃኒት ሐሳብ በሙሉ ከዚህ ይመዘዛል። የካንሰሩን ፕሮቲን እኛ አንቆርጠውም፤ ከእነዚህ ምልክት አድራጊዎች አንዱ ደንበኛው ያልሆነውን ፕሮቲን እንደ ደንበኛው ቆጥሮ እንዲያየው እናደርጋለን።

ሦስቱ መንገዶች

የመጀመሪያው ኢንሂቢተር የምንለው ነው፣ ከልካይ ልበለው። ፕሮቲኑ ሥራውን የሚሠራበት ጎድጓዳ ቦታ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ቁልፍ ማስገቢያ ውስጥ ተሰብሮ እንደቀረ ቁልፍ ነው፤ እሱ እስካለ ድረስ በሩ አይከፈትም። ቁልፉ ከወጣ ግን በሩ እንደነበረ ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ ቀን ከሌሊት በበቂ መጠን በደም ውስጥ መገኘት አለበት። ፕሮቲኑ ራሱ የትም አልሄደም።

ሁለተኛው ሙጫ ነው። ትንሽ ሞለኪውል ነው፤ ምልክት አድራጊው ላይ ትቀመጥና ገጹን ትለውጠዋለች። ከዚያ በፊት የማይተዋወቁ ሁለት ፕሮቲኖች ተጣበቁ ማለት ነው። የዚህ መንገድ ታሪክ የሚጀምረው ከመከራ ስለሆነ ቸኩዬ አላልፈውም። ታሊዶማይድ በ1957 በምዕራብ ጀርመን ለእንቅልፍ ተብሎ ገበያ ላይ ዋለ፣ እርጉዝ ሴቶችም ለማቅለሽለሽ ወሰዱት። በ1961 ከገበያ ሲሰበሰብ በዓለም ዙሪያ ከ10,000 በላይ ሕፃናት እጅና እግራቸው በቅጡ ሳያድግ ተወልደዋል። ያው መድኃኒት በ1998 የሥጋ ደዌ ሕሙማን ላይ ለሚወጣው የሚያሠቃይ የቆዳ እብጠት አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ምን እንደሚይዝ የታወቀው ግን በ2010 ነው፤ ጃፓን ውስጥ የሂሮሺ ሃንዳ ቡድን ሴሬብሎን በሚባለው ምልክት አድራጊ ላይ እንደሚቀመጥ አሳየ። በ2014 ደግሞ ሁለት ቡድኖች የታሊዶማይድ የቅርብ ዘመድ የሆነው ሌናሊዶማይድ ኢካሮስና አዮሎስ የተባሉ ሁለት ፕሮቲኖችን ከሴሬብሎን ጋር አጣብቆ እንደሚያስወግድ አረጋገጡ። በ2018 የሕፃናቱ ጉዳት ምክንያትም ፈር ያዘ፦ ሴሬብሎን በታሊዶማይድ ተጠምዝዞ ለእጅና እግር እድገት የሚያስፈልገውን ሳል-4 የተባለ ፕሮቲን ያስወግዳል።

ከዚህ ውስጥ አንድ ነገር ለተማሪዎች ደጋግሜ እነግራለሁ። የአይጥ ሴሬብሎን ከሰው የሚለየው መድኃኒቱ በሚሠራበት ቦታ ባለ አንድ አሚኖ አሲድ ነው። በዚያ አንድ ልዩነት የተነሣ ሙጫው አይጥ ላይ እንደ ሰው አይሠራም። በሴሬብሎን የሚሠራ መድኃኒት «አይጥ ላይ ምንም ጉዳት አላሳየም» የሚል ዐረፍተ ነገር ካነበባችሁ፣ አይጧ የሰው ሴሬብሎን እንድትይዝ የተደረገች መሆን አለመሆኗን ፈልጉ።

ሦስተኛው ፕሮታክ ነው፤ እኔ ደላላ እለዋለሁ። ሁለት ጫፍ አለው፤ አንዱ የካንሰሩን ፕሮቲን ይይዛል፣ ሌላው ምልክት አድራጊውን፣ በመካከላቸው ማያያዣ ክር አለ። በ2001 ክሬግ ክሩስ፣ ሬይመንድ ዴሼይስና ካትሊን ሳካሞቶ የመጀመሪያውን ሠሩ። ደላላ ቤት ሻጭንና ገዢን አገናኝቶ፣ ውል ሲፈረም ወደ ሌላ ደንበኛ እንደሚሄድ፣ ፕሮታክም አንዱ ፕሮቲን ከተወገደ በኋላ ነፃ ሆኖ ሌላ ይፈልጋል። አንድ ሞለኪውል ብዙ ፕሮቲን ያስወግዳል። ከልካዩ ግን አንድ ለአንድ ነው።

ይህ ምሳሌ ጉድለቱንም ያሳያል። ሰፈሩ በደላላ ብቻ ቢሞላ ሻጩ በአንድ ደላላ ይያዛል፣ ገዢው በሌላ፤ ሁለቱ ሳይገናኙ ይመሻል። ፕሮታክም መጠኑ ከልክ ሲያልፍ ሥራው ይቀንሳል። መድኃኒት ሲጨመር ውጤት ይጨምራል ብለን ለለመድን ሰዎች ይህ እንግዳ ነገር ነው፤ የመጠን ጥናት በምትነድፉበት ጊዜ ዝቅተኛውን መጠን በጥሞና ሞክሩ።

የመጠን ነገር ከተነሣ ክብደቱንም እንይ። በሞለኪውል ክብደት መለኪያው በዳልተን፣ ሌናሊዶማይድ 259 ነው፣ የሲኤምኤሉ ከልካይ ኢማቲኒብ 494። ፕሮታኮች ብዙውን ጊዜ ከ700 እስከ 1,000 ይደርሳሉ፣ የሚያልፉም አሉ። በአፍ ለሚወሰድ መድኃኒት ለዓመታት ሲነገር የኖረው ወሰን 500 ነው። ወሰኑ የሚጣስ ሆኖ ተገኝቷል፣ በአፍ የሚሠሩ ፕሮታኮች አሉ። ነገር ግን ኬሚስቱን ብዙ ያለፋል።

ሲኤምኤል፦ መጀመሪያ በእጃችን ያለውን እንይ

ወደ ተማሪዋ ጥያቄ ልመለስ። በሲኤምኤል የ9ኛውና የ22ኛው ክሮሞሶም ቁራጮች ቦታ ይለዋወጣሉ። በ1960 ፒተር ኖዌልና ዴቪድ ሀንገርፎርድ አጭሩን ክሮሞሶም ፊላደልፊያ ውስጥ አዩት፤ በ1973 ጃኔት ራውሊ ነገሩ የቦታ መለዋወጥ መሆኑን ገለጸች። ከመለዋወጡ ቢሲአር-ኤቢኤል የተባለ ድቅል ፕሮቲን ይወለዳል፣ እሱም ያለማቋረጥ «ተባዙ» እያለ ነጭ የደም ሴሎችን ይገፋል። ኢማቲኒብ በ2001 ሲፈቀድ ይህን ግፊት አቆመ። የመጀመሪያው ትልቅ ጥናት ሕሙማንን ከአሥር ዓመት በላይ ሲከታተል፣ ኢማቲኒብ ከጀመሩት ውስጥ በአሥረኛው ዓመት በሕይወት የነበሩት 83 በመቶ ያህል ነበሩ። ጥቁር አንበሳም ለዓመታት የሲኤምኤል ሕሙማን ግሊቬክን (የኢማቲኒብ የንግድ ስም ነው) በነፃ የሚያገኙበት ቦታ ሆኖ ቆይቷል።

በመድኃኒት መስጫ መስኮት ስሠራ የማልረሳቸው አንዲት እናት አሉ። የመድኃኒት ብልቃጣቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ነበር የሚይዙት። አንድ ቀን ቋጠሮውን ፈትተው ብልቃጡን መደርደሪያው ላይ አስቀመጡና ዝቅ ባለ ድምፅ «ልጄ፣ በሽታውን ከነሥሩ የሚነቅል አዲስ መድኃኒት መጥቷል ይላሉ። ይሄኛውን ትቼ እሱን ልጠብቅ?» አሉኝ። «አይ እማማ፣ እንዳይተዉት። በየቀኑ፣ ምግብ ቀምሰው፣ በብዙ ውሃ ይውሰዱት» አልኳቸው። ዛሬም መልሴ ያው ነው። ለሲኤምኤል የተፈቀደ ፕሮታክ የለም። ማንም ሕመምተኛ በላብራቶሪ ዜና ምክንያት አንድ ቀን እንኳ ኢማቲኒብ ሊያቋርጥ አይገባም። ሐኪሙ የሚያነበው የደም ምርመራ ነው መድኃኒት የሚያስቀይረው።

ታዲያ ሲኤምኤል ላይ ፕሮታክ መሥራት ከንቱ ነው? አይደለም፤ ምክንያቱ ግን መታወቅ አለበት። ኢማቲኒብን የሚያሸሹ ሚውቴሽኖች፣ የጂን ለውጦች፣ አሉ፣ ዋነኛው ቲ-315-አይ ነው። ለእሱ ግን ፖናቲኒብ በ2012፣ ፕሮቲኑን በጀርባው በኩል የሚይዘው አሲሚኒብ ደግሞ በ2021 መጥተዋል። ለዚህ ብቻ ከሆነ ፕሮታኩ ከእጅ አይሻል ዶማ ነው። የተሻለው ምክንያት ሌላ ነው። በመቅኔ ውስጥ የተደበቁ የሉኪሚያ ግንድ ሴሎች ቢሲአር-ኤቢኤል ቢከለከልም አይሞቱም፤ ለዚህ ነው ብዙ ሕሙማን መድኃኒቱን ዕድሜ ልክ የሚወስዱት። ፕሮቲኑ ሥራው ቢቆምም እንደ ምሰሶ ቆሞ ሌሎችን ደግፎ ይዟል የሚለው ግምት እውነት ከሆነ ምሰሶውን መንቀል ለውጥ ያመጣል። ይህ ግን ገና መፈተሽ ያለበት ሐሳብ ነው።

ስለ ሲኤምኤል ፕሮታክ ማንበብ የሚፈልግ ሰው ከ2016ቱ የክሩስ ቡድን ሥራ ይጀምር። ሦስት የታወቁ ከልካዮችን፣ ኢማቲኒብን፣ ቦሱቲኒብንና ዳሳቲኒብን ወስደው ከሁለት ምልክት አድራጊዎች ጋር አፈራረቋቸው። ከሴሬብሎን ጋር የተያያዙት ቦሱቲኒብና ዳሳቲኒብ ቢሲአር-ኤቢኤልን አስወገዱ። ያው ዳሳቲኒብ ቪኤችኤል ከሚባለው ሌላ ምልክት አድራጊ ጋር ሲያያዝ ጤነኛውን ኤቢኤል አስወገደ፣ ድቅሉን ግን አልነካውም። ኢማቲኒብ ፕሮቲኑን ይዞ ሳለ፣ ከሁለቱም ጋር ቢያያዝ ምንም አላስወገደም። እኔ ይህን ሳነብ ወንበሬ ላይ ቀጥ ብዬ ነው የተቀመጥኩት። መያዝና ማስወገድ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ሙከራ አላውቅም። ደላላው ሁለቱንም ወገን ቢያውቅ እንኳ ፊት ለፊት በትክክል ካላስቀመጣቸው ውሉ አይፈረምም።

ኤፒኤል፦ ለዚህ አትድከሙ

ኤፒኤል በደም መፍሰስ በቀናት ውስጥ የሚገድል ሉኪሚያ ነበር። አሁን ከሉኪሚያዎች ሁሉ ለመዳን ከሚመቹት አንዱ ነው፤ ያዳነውም ፕሮቲን ማስወገድ ነው፣ ስሙ ሳይወጣለት በፊት። ቻይና ውስጥ በሃርቢን አርሴኒክ፣ በሻንጋይ ደግሞ የቫይታሚን ኤ ዘመድ የሆነው አትራ ተሞከሩ። አርሴኒኩ ፒኤምኤል-ራራ የተባለውን የበሽታውን ፕሮቲን በቀጥታ ይይዝና ዩቢኩዊቲን እንዲለጠፍበት ያደርጋል። በ2013 የታተመ የጣሊያንና የጀርመን ጥናት አትራና አርሴኒክን ያለ ኪሞቴራፒ ሰጥቶ፣ በሁለት ዓመት ውስጥ በሽታው ሳይመለስና ሌላ ችግር ሳይደርስ የቆዩት 97 በመቶ ነበሩ፤ አትራን ከኪሞቴራፒ ጋር ከወሰዱት ደግሞ 86 በመቶ። እዚህ ላይ አዲስ ፕሮታክ የሚሠራ ሰው ለማን እንደሚሠራ አይገባኝም። እዚህ የሚጎድለው በሽታውን በሰዓታት ውስጥ መለየትና መድኃኒቱን አልጋው ድረስ ማድረስ ነው።

ሲኤልኤል፦ ማስወገድ ከመከልከል በግልጽ የሚበልጥበት

ዛሬ «የፕሮቲን ማስወገድ ጥቅም የት ይታያል?» ብትሉኝ ጣቴን የምቀስረው እዚህ ላይ ነው። ሲኤልኤል አብዛኛውን ጊዜ በዕድሜ የገፉ ሰዎችን የሚይዝ፣ ቀስ ብሎ የሚሄድ ሉኪሚያ ነው። ሴሎቹ ቢቲኬ በሚባል ፕሮቲን ይኖራሉ። ኢብሩቲኒብ በ2014 ለዚህ በሽታ ሲፈቀድ ከቢቲኬ 481ኛው አሚኖ አሲድ፣ ከሲስቲኑ ጋር፣ በማይፈታ ቋጠሮ ይተሳሰር ነበር። ካንሰሩ ያን ሲስቲን በሌላ ቀየረው፤ ቋጠሮው የሚይዘው አጣ። በ2023 ያለ ቋጠሮ የሚቀመጥ ፒርቶብሩቲኒብ መጣ። ካንሰሩም ሌላ ዘዴ ፈጠረ።

ዘዴው አስገራሚ ነው። ኤል-528-ደብልዩ የተባለው ሚውቴሽን ቢቲኬን እንደ ኢንዛይም ይገድለዋል። ከልካዩ ሊከለክል የመጣው ሥራ ቀድሞውኑ የለም ማለት ነው። ሴሉ ግን ይኖራል፣ ምክንያቱም የሞተው ቢቲኬ ሌሎች ፕሮቲኖች ተሰብስበው የሚሠሩበት ማገር ሆኖ ያገለግላል። የሥራ ቦታውን ሺህ ጊዜ ብትዘጉት ማገሩ ቆሟል። በ2024 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት እንዲህ ያሉ ሥራ ያቆሙ የቢቲኬ ዓይነቶችን ኤንኤክስ-2127 የተባለ አስወጋጅ ጠርጎ እንደሚያስወጣቸው አሳይቷል፤ መድኃኒቱን በሙከራ የወሰዱ ሕሙማንም ላይ ምላሽ ታይቷል። መጀመሪያ ላይ ያነሣሁት ጥያቄ፣ ፕሮቲኑ የሚጎዳው በሥራው ነው ወይስ በመኖሩ፣ መልሱ ፍጥጥ ብሎ የወጣው እዚህ ነው።

በዚህ ቤት ውስጥም ምርጫ አለ። ኤንኤክስ-2127 ቢቲኬን ብቻ ሳይሆን እንደ ሌናሊዶማይድ ኢካሮስንና አዮሎስንም ያስወግዳል። ታናሹ ኤንኤክስ-5948 ቢቲኬን ብቻ እንዲያስወግድ የተነደፈ ነው። ሁለቱን በአንድ መምታት ለአንዳንድ ጠንካራ ሊምፎማዎች ይጠቅም ይሆናል፣ ነገር ግን የሌናሊዶማይድ ዓይነት ጣጣም አብሮ ይመጣል፣ በተለይ የነጭ የደም ሴል ማነስ። ለሲኤልኤል እኔ ብመርጥ አንዱን ብቻ የሚያስወግደውን እመርጣለሁ፤ ሕመምተኛው ለዓመታት የሚወስደው፣ በዕድሜ የገፋ ሰው ነውና። ቢጂቢ-16673 የተባለው ሌላው የቢቲኬ አስወጋጅ በ2025 ሦስተኛ ምዕራፍ ሙከራ ላይ ነበር። ሁሉም በአፍ የሚወሰዱ ናቸው፤ ከጂማ ወይም ከደሴ ለሚመላለስ ሕመምተኛ በአፍ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው።

ምልክት አድራጊውን መምረጥ

ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜያቸውን የካንሰሩን ፕሮቲን በመምረጥ ይጨርሱና ምልክት አድራጊውን ግን ከሰው ሥራ ይቀዳሉ። 600 ገደማ እያሉ በተግባር የሚዘወተሩት ሁለት ናቸው፦ ሴሬብሎንና ቪኤችኤል። ሴሬብሎንን የሚይዘው ጫፍ ትንሽ ስለሆነ በአፍ የሚወሰድ መድኃኒት ለመሥራት ይቀላል። ጣጣው ደግሞ ታሊዶማይድ ራሱ መሆኑ ነው፤ ጫፉ ኢካሮስን፣ አዮሎስን፣ ሌላም ያላሰባችሁትን ፕሮቲን አብሮ ሊያስወግድ ይችላል፣ የእርግዝና አደጋውም ከፊታችሁ አለ። የቪኤችኤል ጫፍ ከበድ ይላል፣ ነገር ግን እንዲህ ያለ ያልተጋበዘ እንግዳ አያበዛም።

ለእኔ ከሁሉ ያማረው የምርጫ ምሳሌ ከፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ዲቲ2216 የተባለ ፕሮታክ ነው። ቲ-ኤኤልኤል የተባለው አጣዳፊ ሉኪሚያ ቢሲኤል-ኤክስኤል በሚባል የሞት መከላከያ ፕሮቲን ይደገፋል። ናቪቶክላክስ የተባለ ከልካይ ይህን ፕሮቲን ይይዛል፤ ነገር ግን ደም የሚያረጉት ፕላትሌቶችም የሚኖሩት በዚያው ፕሮቲን ስለሆነ የፕላትሌት ቁጥር ይወርዳል፣ ደም መፍሰስ ያሰጋል። በ2019 የታተመው ሥራ ምን አደረገ? ያንኑ መያዣ ከቪኤችኤል ጋር አያያዘው። ፕላትሌት ውስጥ ቪኤችኤል እጅግ ጥቂት ነው። ደላላው ፕላትሌት ውስጥ ቢገባም የሚያገናኘው ምልክት አድራጊ አያገኝም፤ የካንሰሩ ሴል ውስጥ ግን ያገኛል። ከልካይ በምንም ብልሃት ይህን ሊያደርግ አይችልም። ስለዚህ «ሴሬብሎን ወይስ ቪኤችኤል?» ብላችሁ ስትጠይቁ፣ ልታድኑት የምትፈልጉት ጤነኛ ሴል ውስጥ የቱ እንደሚጎድል አብራችሁ ጠይቁ።

ከሙጫው ወገን ተመሳሳይ ብልሃት አለ። የ5ኛው ክሮሞሶም ረጅም ክንድ የተቆረጠባቸው የመቅኔ ሕሙማን፣ ወደ ሉኪሚያ ሊለወጥ የሚችል በሽታ ነው፣ በ2005 በአሜሪካ ሌናሊዶማይድ ተፈቀደላቸው። ለምን ለእነሱ እንደሚሠራ ኋላ ነው የታወቀው። መድኃኒቱ የሚያስወግደው ሲኬ-1-አልፋ የተባለ ፕሮቲን ጂኑ ያለው በዚያው በተቆረጠው ክንድ ላይ ነው። የታመመው ሴል የቀረው አንድ ቅጂ ብቻ ስለሆነ ትንሽ ሲወሰድበት ይሞታል፤ ጤነኛው ሁለት ቅጂ ስላለው ይተርፋል።

ኤኤምኤል የተባለው ሌላ አጣዳፊ ሉኪሚያ ላይ ግን እጄን ሰብሰብ አደርጋለሁ። ጂኤስፒቲ-1 የተባለውን፣ ሴል ፕሮቲን ሠርቶ ሲጨርስ «በቃ» የሚልበትን ፕሮቲን የሚያስወግዱ ሙጫዎች የሉኪሚያ ሴልን በፍጥነት ይገድላሉ። ጤነኛ ሴልም ያንኑ ፕሮቲን ይፈልጋል። ሲሲ-90009 የተባለው ወደ ሰው ሙከራ ገብቶ አልዘለቀም። አሁን የተያዘው መንገድ ይህን አስወጋጅ በሉኪሚያው ሴል ገጽ ላይ ያለውን ሲዲ33ን በሚያውቅ አንቲቦዲ ላይ ጭኖ ወደ ሉኪሚያው ሴል ብቻ ማድረስ ነው። ጀማሪ ተማሪ ይህን መንገድ ይከታተለው እንጂ አይጀምርበት።

መወገዱን በምን ታውቃላችሁ

ይህን ክፍል በራሴ ስሕተት ልጀምር። ውጭ አገር ለስድስት ወር በሄድኩበት አንድ ላብራቶሪ፣ የማጣራው ሞለኪውል የምፈልገውን ፕሮቲን አጠፋው። የፕሮቲን መጠንን በሰረዝ የሚያሳየው ምርመራ፣ ዌስተርን ብሎቱ ላይ፣ መድኃኒቱ በሌለበት መስመር ወፍራም ጥቁር ሰረዝ አለ፤ በሁለተኛው ሳሳ፤ በሦስተኛው የለም። በስልኬ ፎቶ አንሥቼ ለጓደኞቼ ላክሁ። በማግሥቱ የላብራቶሪው ኃላፊ ፎቶውን ጠጋ ብላ አየችና «ሌላ ዕድሜው አጭር የሆነ ፕሮቲን አይተሻል?» አለችኝ። ኤምሲኤል-1ን አየሁ፤ እሱም ጠፍቷል። ለካ ሞለኪውሉ ጂኤስፒቲ-1ን እያስወገደ ኖሮ ሴሉ ፕሮቲን መሥራት ነበር ያቆመው። ዕድሜያቸው አጭር የሆኑት ሁሉ በራሳቸው ጊዜ አልቀው ጠፉ። ሦስት ሳምንት ሥራ ሄደ።

ስለዚህ ማንኛውንም ጽሑፍ ስታነቡ፣ የራሳችሁንም ስትሠሩ፣ ፕሮቲያሶሙን በቦርቴዞሚብ ዘግታችሁ ፕሮቲኑ ተመልሶ መታየቱን እዩ። ካልተመለሰ የጠፋው በሌላ ምክንያት ነው። ምልክት አድራጊው የሌለው ሴል ውስጥም ድገሙት። ምልክት አድራጊውን የሚይዘው ጫፍ ሆን ተብሎ የተበላሸበት መንትያ ሞለኪውል ከጎኑ ይኑር። ሴሉ ከመሞቱ በፊት፣ በአራተኛው ወይም በስድስተኛው ሰዓት ለኩ፤ በማግሥቱ የሚለካ ፕሮቲን ከሞተ ሴል የጠፋ ሊሆን ይችላል።

ከአዲስ አበባ ሆኖ

ሞለኪውል የሚሠራበት ላብራቶሪ፣ ብዙ የሙከራ ኬሚካል፣ የማይቋረጥ መብራትና ቀዝቃዛ ማጓጓዣ የሚጠይቅ ሥራ እዚህ ሆኖ መጀመር ከባድ ነው፤ ተማሪዎቼን በዚህ አላታልላቸውም። ነገር ግን የዚህ ዘርፍ ቁልፍ ጥያቄ፣ ሁለቱ ፕሮቲኖችና ደላላው ሦስት ሆነው እንዴት ይቀመጣሉ የሚለው፣ በላፕቶፕ ሊሠራ ይችላል። የሦስቱ አቀማመጥ በክሪስታል ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው በ2017 ነው፣ በዳንዲ ዩኒቨርሲቲ የአሌሲዮ ቹሊ ቡድን፤ በነፃው የፕሮቲን መዛግብት ውስጥ 5ቲ35 ተብሎ ተቀምጧል። በአገራችን ሲኤምኤል ከምዕራቡ ዓለም ይልቅ ወጣቶችን የሚይዝ በሽታ ሆኖ ስለሚታይ፣ ከሐኪሞቹ ጋር ሆኖ መድኃኒቱ የማይሠራላቸውን ሕሙማን ሚውቴሽን መመዝገብም የዚሁ ሥራ አካል ነው። ደላላው የሚይዘው ፕሮቲን ምን መልክ እንዳለው ካላወቅን ለማን ነው የምንነድፈው?

ተማሪዋ ባለፈው ቅዳሜ ተመልሳ መጣች። ላፕቶፗን ከፍታ ማኪያቶዋን ወደ ጎን ገፋችና ስክሪኑን ወደ እኛ አዞረች። አዲስ ፕሮታክ የመንደፉን ነገር ትታዋለች። ሲኤምኤልን ግን አልተወችም። የ2016ቱን ውጤት ይዛ፣ ዳሳቲኒብ ከሴሬብሎን ጋር ሲያያዝ የሚያስወግደውን ፕሮቲን ኢማቲኒብ ይዞት ሳለ ለምን እንደማያስወግደው የሦስትዮሹን አቀማመጥ እያሰላች ልትፈትሽ ነው። «እኛ መድኃኒት ቤት ያለው ኢማቲኒብ ነው» አለች፣ «ስለዚህ የእሱን ነው ማወቅ የምፈልገው።» ኬሚስታችን ወንበሩን ጠጋ አድርጎ ክሩን በአይጤው እያዞረ ማየት ጀመረ።